በእንደራሴው ደጅ የጠናሁበት ዓመት

መኮንኑ የልጄን ግሪን ካርድ አገላብጦ አየው፤ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ልጄን አየው። የእኔንና የእህቱን ወረቀት ማህተም መትቶ መልሶልናል። የእሱን ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መዳፉን ጫነበት። ወዲያው ሌላ ሰው ጠራ። የመጣው ሰውዬ ወገቡ ላይ ካቴና አንጠልጥሏል። የእኔ እንግሊዝኛ ሥራ ቦታ ከምለው "ጉድ ሞርኒንግ" ብዙም አያልፍም፤ ካቴና ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። 

ሳንፍራንሲስኮ ኤርፖርት ነው። እናቴ ሞታ፣ ተስካሯን አውጥተን ከወሎ መመለሳችን ነበር። ሐዘኑም የመንገዱም ድካም ገና ከላያችን አልወረደም። ልጄ ዞር ብሎ፣ "ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ፤ ጥያቄ ብቻ ነው" አለኝና ከሰውየው ጋር በአንድ በር ገባ።

ሻንጣ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አብሮን የመጣው መንገደኛ ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ ወለል የሚወለውሉት ሰዎች መጡ። በመጨረሻ አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ወጥታ ለሴት ልጄ የሆነ ነገር ነገረቻት። ሴት ልጄ ያን ጊዜ ሃይስኩል ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

"ምን አለችሽ?"

"ናቲንግ፣ ማሚ።"

"ምን አለችሽ ብዬሻለሁ!"

"ዛሬ አይመጣም አለች።" ይህችን በአማርኛ መለሰችልኝ። በአማርኛ ስትመልስልኝ ነው የነገሩ ክብደት የገባኝ።

የወንድሟ ጥፋት ይህ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት በሞላው ሰሞን ከጓደኞቹ ጋር የተሰረቀ መኪና ውስጥ ተገኘ። የነዳው እሱ አይደለም፤ መሰረቁን ግን ያውቅ ነበር፣ አልዋሸኝም። ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ ካውንቲ ጄል ገባ፤ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሳን ሆዜ አንድ ጎማ ቤት ሥራ ያዘ፣ ኮሌጅም ጀመረ። እኛ ነገሩ ያለቀ መስሎን ተኝተን ነበር። ለካ እኛ ሳናውቅ ዋሽንግተን ላይ አዲስ ሕግ ወጥቷል። ድሮ የተፈረደበት፣ ቅጣቱንም የጨረሰ ሰው ቢሆን፣ ዜጋ ካልሆነ ወደመጣበት ይመለስ የሚል።

ወደመጣበት! ልጄ ከሀገሩ የወጣው በጀርባዬ ታዝሎ ነው። አባቱን ሱዳን ቀብረነዋል። ካሊፎርኒያ ስንገባ ልጁ የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር፤ እህቱ ደግሞ በሆዴ ናት። ለተስካሩ ወሎ ስንሄድ እንኳ አጎቶቹ ባናገሩት ቁጥር ምን አሉ ብሎ የእኔን ዓይን ነበር የሚያየው። እዚያ ብቻውን ቢጥሉት በምን አፍ ተናግሮ ይኖራል?

ኦክላንድ ወዳለ እስር ቤት ወሰዱት። እዚያው ኦክላንድ የአቅመ ደካማ ጉዳይ የምትይዝ አንዲት ወጣት ጠበቃ ተገኘችልን። ፊሊፒናዊት ናት፣ ቀጭን፣ ምሳዋን ቆማ የምትበላ። ሴት ልጄ እያስተረጎመችልኝ ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ነገረችኝ። በአዲሱ ሕግ የኢሚግሬሽን ዳኛው ልራራም ቢል አይፈቀድለትም። ያለን አንድ መንገድ ነው፦ ሳን ሆዜ ያለው ፍርድ ቤት የድሮውን የመኪና ፍርድ እንዲሰርዘው ማድረግ። እሱ ከተሰረዘ የሚያባርሩበት ምክንያት የለም።

"ታዲያ አድርጊዋ፣ እናቴ!" አልኳት።

"ወራት ይፈጃል" አለች። "እነሱ ግን ወራት አይጠብቁም። ከፈረዱበት በኋላ አውሮፕላን ላይ ሊጭኑት ይችላሉ።"

ስለዚህ የቸገረን ጊዜ ነበር። ጊዜ የሚሰጠን ሰው።

በቤተ ክርስቲያናችን አንድ አዛውንት ነበሩ። በወጣትነታቸው በርስት ክርክር አንድ ደጃዝማች ደጅ ላይ ክረምት ከበጋ የጠኑ ሰው ናቸው፤ መሬታቸውንም አስመልሰዋል። አንድ እሑድ ጥላ ስር ተቀምጬ ሳለቅስ አገኙኝ።

"ከመንግሥት ሰው የምታውቂው የለም?"

"እኔ ማንን አውቄ፣ አባባ!"

"አንቺ ማወቅሽ ምን ይረባል? እሱ ይወቅሽ እንጂ። ጧት ከደጁ ተገኚ። ጉዳይሽን ለአሽከሮቹ እንዳትዘረግፊ፤ አሽከር ወሬ ነው የሚያደርስ። ዝም ብለሽ ቁጭ በይ። ዓይኑ ይልመድሽ። አንድ ቀን፣ ‘ይህች ሴትዮ ምን ሆና ነው?’ ይላል። ያን ጊዜ እግሩ ላይ መውደቅ ነው።"

አጠገባችን የቆመ አንድ ታክሲ ነጂ ሳቀ። "አባባ፣ አሜሪካ እኮ ነን! እዚህ አፖይንትመንት ነው።"

"ሰውዬው ሰው ነው ወይስ ሳንቲም የሚጎርስ የፓርኪንግ ሚትር?" አሉት። "ሰው ከሆነ ዓይኑ ይለምዳል።"

እኔ የሳቸውን ቃል ያዝኩ። የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠርኩትን ያህል ነው፤ የምክንያትና የሕግ ነገር አልችልም። ደጅ መጥናት ግን እችላለሁ።

የወረዳችን የሕዝብ እንደራሴ ቢሮ ሳን ሆዜ፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ነው። ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ዜጋ አይደለሁምና መርጫቸውም አላውቅ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በኮንግረስ የተቀመጡ ሰው መሆናቸውን የነገረችኝ ልጄ ናት። ሠላሳ ዓመት! በዚያ ዕድሜ እኛ ሀገር ንጉሥ ወርዷል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ሌላ ገብቷል። እኚህ ሰው ከወንበራቸው አልተነሱም። እንዲህ ያለ ሰው ፍቱት ካለ ይፈታል ብዬ አመንኩ።

ሥራዬ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ሺፍቴ ከሰዓት በኋላ ስለሚገባ ጧቴ ነጻ ነበር። ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ካን አይ ሄልፕ ዩ፣ ሀኒ?"

"ኖ ሄልፕ" አልኳት። "አይ ሲት።"

ሳቀችና ወንበር አሳየችኝ። ተቀመጥኩ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ በሥራ ቀን ሁሉ ተመላለስኩ። ምን ልርዳሽ ስትለኝ እጅ ነሥቼ ዝም ነው። ሌሎች ባለጉዳዮች ይመጣሉ፤ ጡረታ የቆመበት ወታደር፣ ባሏ ቪየትናም የቀረባት ሴት። ገና ሳይቀመጡ ጉዳያቸውን ያፈሱታል፤ ፈርመው ይሄዳሉ። ‘ወግ የማያውቁ፣ የትም አይደርሱም’ እል ነበር በልቤ።

ጥቂት እንደሰነበትኩ እንግዳ ተቀባይዋ ሴትዮ አንድ ክምር ደብዳቤና ኤንቨሎፕ ይዛ መጣችና እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየችኝ። በደስታ እንባ እንባ አለኝ። እኛ ዘንድ ደጅ ጠኚ እንጨት ፍለጥ፣ ውሃ ቅዳ ከተባለ ታየ ማለት ነው። ቀጥ አድርጌ እያጠፍኩ፣ እያሸግሁ አስረከብኳት። ለአዛውንቱ ብነግራቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

"ሥራ ሰጡሽ? በይ ገብተሻል! አሁን ቀን መጠበቅ ነው።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ልጠይቅ እሄዳለሁ። በአውቶቡስ ፍሪሞንት፣ ከፍሪሞንት ባርት በሚሉት ባቡር ኦክላንድ። በመስታወት ማዶ ብርቱካናማ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ በስልክ ነው የምናወራ።

"የመንግሥት ሰው ይዤልሃለሁ" አልኩት።

"ሪሊ? ምን አለሽ?"

"ገና አላየኝም።"

 "ማሚ፣ ሳያይሽ እንዴት ነው የያዝሽው?"

ምን ብዬ ላስረዳው! "ተወው፣ አንተ ጸልይ" አልኩት።

ወረቀት ሳጥፍ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ነው። የሽማግሌው እንደራሴ ዕድሜ እዚያ ላይ በፎቶ ተሰቅሏል። ከደረጃው በር ይጀምርና ፀጉራቸው እየነጣ፣ እየነጣ ወደ ውስጥ ይገባል። ሴትዮዋ ሥራ ሲቀላት አጠገቤ ቆማ፣ በቀላል በቀላሉ ቃልና በእጇ ታስረዳኛለች። እሷ እዚያ ቤት የገባችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው፤ ከሳቸው ጋር አረጀች።

ኮምፒውተር ሳይመጣበት በፊት ሳን ሆዜ ሁሉ የፕሪም ማሳ ነበር። የእንደራሴው አባት በፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ጣሳ ይጭኑ ነበር፤ ሥራ ሲቆም አብረው ይራባሉ። ልጁ ለጦርነት ዘምቶ በአንድ እግሩ እያነከሰ መጣ። ሕግ ተማረ፣ የከተማ ምክር ቤት ገባ፣ ከዚያ ኮንግረስ። እዚህ ፎቶ ላይ የእርሻ ሠራተኞች መሐል ቆሟል፤ ማሳ ላይ የሚጠጣ ውሃና ጥላ እንዲኖራቸው ሲከራከር ጎልማሳ ገብቶ ሽበት አወጣ፤ የተፈቀደለት ከጠየቀው እኩሌታው ነው። እዚህ ላይ ሚስቱ ናት፤ ሞታለች። እዚህ ላይ ደግሞ በሰው ደጃፍ ቆሞ በር ያንኳኳል።

"ምንድን ነው?" አልኳት በእጄ።

በየሁለት ዓመቱ ምርጫ ስላለ ቤት ለቤት እየዞረ ድምፅ ስጡኝ ይላል አለችኝ። ገርሞኝ ሳቅሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሳቸውም ደጅ ጠኚ ናቸው እንዴ! በየሁለት ዓመቱ እንደገና! ያን ቀን ትንሽ ፈራሁ። በሰው ደጅ የሚቆም ሰው ምን ያህል ማዘዝ ይችላል የሚል ሐሳብ ገባብኝ፤ ወዲያው አባረርኩት።

ሽማግሌው ግን አልመጡም። ዋሽንግተን ናቸው። እኔ አጥፋለሁ፣ አሽጋለሁ፤ የልጄ የፍርድ ቀን ይቀርባል። ከዚያ ጠበቃዋ ስልክ ደወለች። የኢሚግሬሽኑ ዳኛ ፈርዶበታል። መቼ እንደሚጭኑት አይታወቅም፤ በማንኛውም ጊዜ ነው። ልጄ ስልኩን ዘግታ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቆለፈች። እኔ ኩሽና ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ጮኼ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ጎረቤት ፖሊስ እንዳይጠራ። አሜሪካ ውስጥ ለልቅሶም ድምፅ ይቀነሳል።

በማግስቱ ወደ ቢሮው ሄድኩ፤ ሌላ የምሄድበት አላውቅም። ልጄም ብቻሽን አልለቅሽም ብላ ከትምህርት ቤት ቀርታ ተከተለችኝ። ገና ኤንቨሎፕ እንዳነሳሁ ደረጃው ላይ የሚጎተት እግር ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። ከግድግዳው ላይ የመጨረሻው ፎቶ ወርዶ የመጣ መሰለኝ፤ እንዲያውም ከፎቶው ይልቅ የገረጡ፣ የከሱ። ለሁሉም እጃቸውን እየሰጡ መጡ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ሴትዮዋ፣ "ይህች ምርጧ ቮለንቲራችን ናት፤ በነጻ ነው የምታገለግለን" አለቻቸው። ይህንን በኋላ ነው ልጄ የነገረችኝ። እኔ እጃቸውን አልተቀበልኩም። እግራቸው ላይ ወደቅሁና ሁለቱን ጉልበታቸውን ያዝኩ።

"አቤት! አቤት ጌታዬ! ልጄን!"

"ማሚ ተነሺ! ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ፣ ሰው እያየን ነው!"

ሽማግሌው ሊያነሡኝ ጎንበስ አሉ፤ እግራቸው እምቢ አላቸው። ሊወድቁ ሲሉ አንድ ወጣት ሠራተኛ ደገፋቸው። ከዚያ ወንበር አስመጡና ተቀመጡ፤ እኔ ወለል ላይ እንዳለሁ፣ ልጄም እንደቆመች ያናግሩን ጀመር። ልጄ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው። መሐል ላይ ወደ ሴትዮዋ ዞረው አንድ ነገር ጠየቋት። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች።

"ምን አሏት?" አልኩ።

"ይህችን ያህል ጊዜ እዚህ ስትቀመጥ ማንም ምን ፈለግሽ አላላትም ወይ አላት። እሷ ደግሞ ጠይቄያት ነበር፣ መርዳት የምትወድ ሴት መስላኝ አለች።" ከዚያ ዓይኗን አፍጥጣ ወደ እኔ ዞረች። "አልነገርሻቸውም እንዴ? ማሚ! ይሄን ሁሉ ሳምንት ኤንቨሎፕ ብቻ?"

"ዓይናቸው እስኪለምደኝ ነው..."

"ዋሽንግተን ነው ያለው! በምን ዓይኑ ይለምድሻል?"

 እነዚያ ወግ የማያውቁ ያልኳቸው ሰዎች ጉዳያቸው አልቆ ይሆናል። እኔ የልጄን ቀን በወግ አባክኜው ነበር።

ሽማግሌው የትኛው ሕግ እንደሆነ ጠየቁ። ወጣቱ ሠራተኛ ነገራቸው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።  ከዚያ መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ፤ ልጄም አልተረጎመችልኝም።

"ምን አሉ?"

"ያንን ሕግ... እሱም ይለፍ ብሏል። ድምፅ ሰጥቷል።"

"ለምን?"

ጠየቀቻቸው። መለሱ።

"ብዙ ነገር አንድ ላይ ታስሮ የመጣ ትልቅ ሕግ ነበር አለ። ምርጫ ደርሶ ነበር። ለወንጀለኛ ይራራል እንዳይሉኝ ፈራሁ አለ።"

እኚህ የያዝኩት ጉልበት ባለቤት! እኔ ልጄን ከወሰዱብኝ እጆች አንዱን ልስም ነበር የተመላለስኩ። ትቻቸው ልነሣ ፈለግሁ፤ ግን ተነሥቼ የት ልሂድ? እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ‘ሕጉ ነው’ ቢሉኝ፣ ‘አላወቅሁም’ ቢሉኝ፣ ማን ያውቅባቸዋል?

"እሾህን በእሾህ ነው በያቸው" አልኳት ልጄን። "በሕግ የወጋኝ በሕግ ይንቀልልኝ።"

ልጄ እንዴት ብላ እንደተረጎመችው አላውቅም። ሽማግሌው ግን ቀና ብለው አዩኝና ወጣቱን ሠራተኛ ጠሩት። ብዙ ተነጋገሩ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ኮንግረስ ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ የሚጻፍ ሕግ አለ። ስሙ ተጠርቶ፣ ‘ይህ ሰው እዚሁ ይቅር’ የሚል። የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ነገር ግን ቀርቦ እስኪመረመር ድረስ ኢሚግሬሽኖች ሰውየውን ከመጫን ብዙ ጊዜ ይታገሣሉ። ማዘዝ አልችልም አሉኝ ሽማግሌው፤ መለመን ነው የምችለው፤ እነሱንም እለምናለሁ፣ የጓዶቼንም ደጅ እዞራለሁ። አንድ ነገር ግን እወቂ አሉኝ። ከእንግዲህ አልወዳደርም፤ ጃንዋሪ ላይ ወንበሬን እለቃለሁ። ያን ጊዜ ያላለቀ ሕግ ሁሉ ይሞታል።

እንግዲህ የልጄ ጊዜ የሳቸው ጊዜ ሆነ። ሳቸው ወንበር ላይ እስካሉ ልጄ እዚህ ነው። ከዚያ በፊት ጠበቃዋ የድሮውን ፍርድ ካላሰረዘች አለቀልን።

የልጄ ስም ያለበት ሕግ ዋሽንግተን ቀረበ። ጭነቱ ቆመ። እኔ ግን እንቅልፍ አልመጣልኝም። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ያጠብኳትን አሮጊት መልሼ አጥባለሁ።  ቅዳሜ ስሄድ ልጄን አጣው ይሆን እያልኩ የባርቱን ጣቢያ በጸሎት ነው የምቆጥረው።

ልጄ የእንደራሴውን ነገር ከእህቱ ሰምቶ ተቆጥቶ ጠበቀኝ።

"ሕጉን ያወጣው እሱ አይደል እንዴ? እግሩ ላይ ወደቅሽ ማሚ? እግሩ ላይ?"

"አዎ ወደቅሁ። ነገም እወድቃለሁ። አንተ ኩራትህን ወጥተህ ትኮራለህ።"

ክረምት ላይ ሽማግሌው ራሳቸው እስር ቤት ድረስ ሄደው ልጄን አዩት። አላመንኩም ነበር፤ ልጄ ነው የነገረኝ። ብረት መፈተሻውን ለማለፍ ከዘራቸውን ሲቀበሏቸው ግድግዳ ተደግፈው ነው የገቡት።

"ምን አሉህ?"

"ሶሪ አለኝ።"

"አንተስ?"

"ሳንድዊቹ በጣም መጥፎ ነው አልኩት።"

"አንተ! ለእንደራሴ ይህ ይባላል?"

"ጻፈው እኮ" አለና ሳቀ። ከተያዘ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ፊቱ ጠቆረና፣ "ሽማግሌ ነው ማሚ። በጣም ሽማግሌ ነው። እስከ ጃንዋሪ ይኖራል?" አለኝ። እኔም ይህንኑ ነበር የምፈራው።

ጠበቃዋ የድሮውን ፍርድ ቤት መዝገብ ስታስስ አንድ ነገር አገኘች። በካሊፎርኒያ ሕግ ዜጋ ያልሆነ ሰው ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት ዳኛው፣ ‘ይህ ቃልህ ከሀገር ሊያስባርርህ ይችላል’ ብለው ማስጠንቀቅ ነበረባቸው። ልጄን ማስጠንቀቃቸው መዝገቡ ላይ የለም። እሷም ይህንን ይዛ ሳን ሆዜ ፍርድ ቤት ገባች። ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ። ቀጠሮ ተሰጠ፤ ቀጠሮው ተዛወረ፤ ሌላ ተሰጠ፤ እሱም ተዛወረ። ኦክቶበር ሄደ። ኖቬምበር ሄደ።

ያን ሰሞን ቢሮው ይታሸግ ጀመር። እኔ መሄዴን አልተውኩም፤ አሁን ግን ደጅ ጥናት አይደለም፣ ቤቴ መቀመጥ ስለማልችል ነው። ሴትዮዋና እኔ ፎቶዎቹን ከግድግዳ እያወረድን በጋዜጣ እንጠቀልላለን። ከውስጥ ጀመርን፤ ከሽበቱ። እያወረድን ወደ በሩ ስንመጣ ሰውየው በእጃችን ላይ ወጣት ሆነ። በየፎቶው ኋላ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ሴትዮዋ የሚስትየዋን ፎቶ ስትጠቀልል አለቀሰች። እኔ የማለቅሰው ለራሴ ነው፤ አንድ ፎቶ በወረደ ቁጥር የልጄ ዕድሜ የሚያጥር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ሽማግሌው ባዶው ክፍል ውስጥ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠው አገኘናቸው። ልጄ አብራኝ ነበረች። ሲያዩን ማውራት ጀመሩ፤ እኛን ይሁን ራሳቸውን እንጃ።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ የረዳኋቸው ሰዎች እየመጡ አመሰገኑኝ ይላል" አለች ልጄ። "የጎዳኋቸው ግን አንድም ቀን አይመጡም ነበር ይላል። ከነሱ መጀመሪያ የመጣሽው አንቺ ነሽ አለ።"

ምናልባት ‘ምንም አይደል’ እንድላቸው ጠብቀው ይሆናል። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሲያዝን፣ ‘አይዞዎት’ ማለት ወጉ ነው። ቃሉ ከአፌ አልወጣም። ልጄ ገና ብርቱካናማውን ልብስ ለብሷል። ትከሻቸው ላይ የተነሳውን የኮታቸውን ኮሌታ አስተካከልኩላቸውና ወደ ካርቶኔ ተመለስኩ።

ዲሴምበር ላይ የሳን ሆዜው ፍርድ ቤት ተቀመጠ። ዝናብ ነው። ዳኛዋ ሴት ናት፤ መነጽሯን አድርጋ የድሮውን መዝገብ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠች። ማስጠንቀቂያው ተሰጥቷል የሚል ሰው ካለ ያሳየኝ አለች። ዐቃቤ ሕጉ ቆመ፤ የሚያሳየው የለም፤ ተቀመጠ። ዳኛዋ ተናገረች። ከንግግሯ አንድም ቃል አልገባኝም፤ ጠበቃዋ ግን እስክሪብቶዋን ጣለችና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ‘ሞትን’ ብዬ ልጄን ጨበጥኳት።

"ማሚ፣ ተሰረዘ" አለችኝ። "ፍርዱ ተሰረዘ።"

አላመንኩም። ሰዎቹ እየተነሡ ሲወጡ እኔ ወንበሩን ይዤ ቀረሁ። ጠበቃዋም ገና ነው አለችኝ፤ ኢሚግሬሽኖች የራሳቸውን ጉዳይ መዝጋት አለባቸው፤ በዓልም መጥቷል፣ ሰው ሥራ ላይ የለም። ሽማግሌው ካሉበት ስልክ ይመቱ ጀመር። ሴትዮዋ እንደነገረችኝ በዚያ ባዶ ቢሮ ውስጥ የቀረው አንድ ስልክና አንድ ወንበር ነው፤ እሱም ላይ ተቀምጠው ከአንዱ ወደ አንዱ እየደወሉ ሲለምኑ ዋሉ። አንዱ ሲዘጋባቸው ሌላውን። ሠላሳ ዓመት የተቀመጡበትን ወንበር ሊለቁ ቀናት ሲቀሯቸው፣ ስማቸውን እንኳ በትክክል ለማይጠራ ጸሐፊ ‘እባክህ’ ሲሉ ሰማሁ ብላ ነገረችኝ።

የፈረንጅ አዲስ ዓመት ገብቶ፣ ሳቸውም ቢሮውን ሳያስረክቡ፣ ጠበቃዋ ደወለች። ኦክላንድ ኑ አለች።

የእስር ቤቱ የጎን በር ወደ አንድ ጠባብ መንገድ ይወጣል። ቀትር ነው፣ ብርድ አለ። እኔና ሴት ልጄ በሩን እያየን ቆምን። ተከፈተ፤ የማላውቀው ሰው ወጣ። ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ። ልጄ ኤርፖርት በለበሰው ልብስ፣ ከስቶ፣ ፀሐዩን በእጁ ከልሎ ወጣ። ሮጬ ያዝኩት። ፊቱን ዳሰስኩት፣ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ እጁን አየሁት፤ ካቴና የለበትም። ጠበቃዋ ግሪን ካርዱን መለሰችለት። "የሚጠበቅ ቀጠሮ የለም፤ አልቋል" አለች፤ ልጄ ተረጎመችልኝ።

"አልቋል ማለት እንዴት? የሚመጣ ሰው የለም?"

"የለም፣ ማሚ።"

"ነገም?"

"ነገም።"

በባርት ወደ ፍሪሞንት ስንመለስ ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኛ። ያን ቀን አልሳቅሁም፤ እልልም አላልኩም፤ አንድ ዓመት የቆመ ፍርሃት በአንድ ቀን አይወርድም። ግን የሚያስፈራ ነገር አልቆ ነበር። ልጄ ከእጄ ነው። የሚወስደው የለም። ድነናል።